ድራይቨርና ላይብረሪ ሲቀያየሙ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድራይቨሩ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ላይብረሪው፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ፣ ውጭ፣ ከፕሮግራሞቹ ጋር። ሁለቱ የሚገናኙት በአንዲት ጠባብ በር ነው። አንዱ አድጎ ሌላው ባለበት ሲቀር ጣጣው እዚያች በር ላይ ይጀምራል። ሊኑክስ ላይ ስሠራ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ዲስክ ላይ ያለውን አይቶ “አፕዴት ሆኗል” ማለት

አንድ ሌሊት አንድ ሰርቨር ራሱን አፕዴት አደረገ። የግራፊክስ ካርዱ ላይብረሪ ተቀየረ። ቀድመው የተነሱት ፕሮግራሞች ምንም አልሆኑም፤ አሮጌውን ላይብረሪ ሜሞሪ ላይ እንደያዙ ነበሩ። ጠዋት አዲስ ሥራ ስናስነሳ ግን የድራይቨሩና የላይብረሪው ቨርዥን አይገጥምም ብሎ እምቢ አለ። እኔም ኮዱን ስበረብር ሁለት ሰዓት አለፈ። ለካ አዲሱ ሞጁል (ከርነሉ የሚጭነው የድራይቨር ፋይል) ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ ከርነሉ ጭኖ የሚሠራበት ግን የድሮውን ነው።

ሞድኢንፎ የሚባለው ትዕዛዝ የሚያሳያችሁ ዲስክ ላይ ያለውን ነው። የተጫነውን ለማወቅ ሲስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሞጁል ሥር፣ በድራይቨሩ ስም የተቀመጠውን የቨርዥን ፋይል ክፈቱ። አንዳንድ ድራይቨር ይህ ፋይል የለውም፤ ካለው ግን ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ደቂቃ አይፈጅም። ከተለያዩ ሞጁሉን አውርዳችሁ መልሳችሁ ጫኑ። ፕሮግራም ይዞት አልወርድም ካለ ሪስታርት ነው።

ፕሮግራምን ከነላይብረሪዎቹ ለብቻው የሚያስኬደው ኮንቴይነርም ያው ነው። የራሱ ከርነል የለውም። ከድራይቨሩ ጋር እኩል መሄድ ያለበትን ላይብረሪ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ፋይል) ውስጥ ቆልፋችሁ አታስቀምጡ፤ ከሆስቱ፣ ኮንቴይነሩን ከሚያስኬደው ማሽን፣ ይግባ።

የከርነሉን ቁጥር አይቶ መወሰን

እ.ኤ.አ. በ2011 ከ2.6.39 ቀጥሎ የመጣው 3.0 ነበር። ቁጥሩ ሁሌም በ2.6 ይጀምራል ብለው የተጻፉ ፕሮግራሞች ተደናገሩ። ለእነሱ ሲባል ከርነሉ ራሱን 2.6.40 ብሎ የሚጠራበት መንገድ ተጨመረለት። ዛሬም ሬድ ሃት 8 ከርነሌ 4.18 ነው ይላችኋል፤ ውስጡ ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ነገሮች ገብተዋል። ቁጥሩን ተዉት። የምትፈልጉትን ጥሪ (ፕሮግራሙ ከርነሉን ሥራ የሚጠይቅበትን) ሞክሩ፤ ከርነሉ አላውቀውም ካለ ወደ አሮጌው መንገድ ተመለሱ።

ስትራክቱን እንደ ግል ንብረት ማየት

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ባለ 4 ባይት፣ ቀጥሎ ባለ 8 ባይት ቁጥር ያለበት ስትራክት (ፊልድ የሚባሉ ዳታዎች ተከታትለው የሚቀመጡበት) ውሰዱ። ባለ 64 ቢት ኤክስ86 ፕሮሰሰር ላይ መጠኑ 16 ባይት ነው፤ ኮምፓይለሩ መሃል ላይ 4 ባይት ክፍተት ይተዋል። ለ32 ቢት ኮምፓይል ሲደረግ 12 ይሆናል። አዮክትል የሚባለው፣ ለድራይቨር ትዕዛዝ የሚላክበት ጥሪ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ ደግሞ የስትራክቱን መጠን በውስጡ ይይዛል። ስለዚህ ባለ 32 ቢት ላይብረሪ ባለ 64 ቢት ከርነል ላይ ሲጠራ፣ ድራይቨሩ ትዕዛዙን ጭራሽ አያውቀውም።

ይሄ እንኳን ይሻላል፤ ቢያንስ ይጮሃል። መጠኑ ሳይቀየር የሁለት ፊልዶች ቦታ ከተለዋወጠ ግን ማንም አይጮህም። የተሳሳተ ቁጥር ይገባል፣ ዳታ ይበላሻል። ስለዚህ መጠናቸው ቁርጥ ያለ ታይፖችን ተጠቀሙ፤ በ32ና በ64 ቢት መጠናቸው የሚለያየውን ሎንግንም ፖይንተርንም በቀጥታ አታስገቡ። ክፍተቱን ራሳችሁ ሙሉት። አንዴ የወጣ ፊልድ ከቦታው አይነቃነቅ።

ለወደፊት ብላችሁ የተዋችሁትን ፊልድ ደግሞ ድራይቨሩ ዜሮ መሆኑን ያረጋግጥ። የማያውቀውን ፍላግ (አማራጭ የሚመርጥ ምልክት) ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ካለፈ፣ ነገ ያን ፍላግ ልትጠቀሙበት አትችሉም፤ የሆነ ፕሮግራም ቆሻሻ እየላከበት ይሆናል። ኦፕን የሚባለው ፋይል መክፈቻ ጥሪ ለዓመታት ይህን ዕዳ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ከርነል 5.6 የመጣው ኦፕንአት2 የሚባል ጥሪ ግን የማያውቀውን ፍላግ አይቀበልም።

የሊኑክስን ቃል አስፍቶ መረዳት

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚሟገትለት ሕግ የታወቀ ነው፦ ከርነሉ ተቀየረ ተብሎ የተጠቃሚ ፕሮግራም አይሰበርም። ቃሉ ግን ለውጩ ነው። ለውስጡ፣ ማለትም ለድራይቨሮች፣ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ከዋናው ከርነል ውጭ የሚኖር ድራይቨር በየከርነሉ እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት። ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ይህን ይሠራላችኋል፤ የአዲሱ ከርነል ሄደሮች (ለኮምፓይል የሚያስፈልጉት ፋይሎች) ከሌሉ ግን አይችልም። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ሞጁሉ ለአዲሱ ከርነል መሠራቱን እዩ።

በሊንክ ማታለል

ላይብረሪው ጠፋ ሲባል ስሙ በ2 የሚያልቀውን ፋይል በ1 በሚያልቅ ስም ሊንክ የሚያደርግ (በሌላ ስም የሚያስጠራ) ብዙ ነው። ቁጥሩ የተቀየረው ተኳኋኝነቱ ስለፈረሰ ነው። ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛውን ፓኬጅ ጫኑ።