በአሮጌ ጎራዴ ላይ የደበዘዘ ምልክት ለማንበብ

የአንድን ጥንታዊ ጎራዴ ዕድሜና ዋጋ ለመገመት በብረቱ ላይ ያለው የሠሪው ምልክትና ቁጥር ብዙ ያግዛል፤ ይሁንና ጽሑፉ ከመወልወል ብዛት ስለሚደበዝዝ ከፊት ለፊት በሚያርፍ ብርሃን አይታይም። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ስልክዎን መብራት ከብረቱ ጎን፣ ገጹን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው ይያዙና ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ብርሃኑ አግድም ሲመጣ እጅግ ስስ ጭረት እንኳ ጥላ ስለሚጥል ፊደሉ ብቅ ይላል። ከእጀታው ሥር ያለውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ብዙዎች የሚዘነጉትን የብረቱን ጀርባ (ከስለቱ ተቃራኒ ያለውን ወፍራም ጠርዝ) ጭምር ይመልከቱ፤ የእንግሊዙ ዊልኪንሰን ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመኮንኖች በሠራቸው ብዙ ጎራዴዎች ላይ መለያ ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ሲሆን፣ የተሠሩበትም ዓመት ከዚሁ ቁጥር ይታወቃል። ስም ብቻውን ግን አያስተማምን፤ «አንድሬያ ፌራራ» የሚለው የጣሊያናዊ ጎራዴ ሠሪ ስም የጀርመን ከተማ በሆነችው በሶሊንገን በተሠሩ ጎራዴዎች ላይ ሳይቀር ተቀርጿል።

ምልክቱ አልታይ ቢል በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት። በጃፓን ጎራዴ ላይ ደግሞ እጀታው ውስጥ የተሸሸገውን የብረት ክፍል ዝገት ፈጽሞ አይንኩ፤ ባለሙያዎች ዕድሜውን ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ዝገት ስለሆነ፣ ሲጸዳ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።