የነዳጅ መስጫውን ስትለቁ የማይረጋ የሞተር መጋዝ፦ ኦይል ሲሉ ነው ወይስ ሐረጎን መውረዱ?

ምልክቱ። የነዳጅ መስጫውን ለቃችሁም ሞተሩ ቶሎ አይረጋም፤ ትንሽ እየጮኸ ቆይቶ ነው የሚወርደው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት ዝም ብሎ ሲሠራ) ሆኖ መጋዙን በጎኑ ስታዘነብሉት ድምፁ ይለዋወጣል። ሲሞቅ ይጠፋል፣ ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ ነጥቷል። ባሕር ዛፍ እየቆረጠ የዋለ መጋዝ እንዲህ ካደረገ አቁሙት። አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይቱም አብሮ ስለሚያንስ ፒስቶኑ ይጫራል፤ ያኔ ወጪው የኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ብቻ አይሆንም።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ካርቡራተሩ የተስተካከለው የት ነው? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ተቀንሶ ይስተካከላል። ያንኑ መጋዝ ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያጥራል፣ ምልክቱም ቁርጥ የኦይል ሲል ይመስላል። እኔ በዚህ ተታልዬ ደህና ኦይል ሲል አውጥቻለሁ። ቤንዚን የሚያስተካክሉትን ሁለቱን የካርቡራተር ቪቴዎች ጥቂት ከፍታችሁ ረግቶ ከዋለ ምንም አትፍቱ። ረግቶ ከሰዓት በኋላ መልሶ ከጮኸ ግን አየር የሚስብበት ቦታ አለ፤ ቪቴውን ደጋግሞ መክፈት በሽታውን መሸፈን ነው።

ማረጋገጫው። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን)ና ካርቡራተሩን አውርዱ፣ በሁለቱም በኩል ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ አድርጋችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደዋ ትንሽ የአየር ቀዳዳም መደፈን አለባት። ፒስቶኑን ወደ ታች አውርዱና በካንዴላው ቀዳዳ 0.5 ባር አየር ስጡ። የሳሙና አረፋ ቀቡ፦ በፍሪሲዮኑ ወይም በቮላኖው (በሌላው ጎን ዘንጉ ላይ ባለው ከባድ ጎማ) በኩል ዘንጉ ዙሪያ ከፈላ ኦይል ሲሉ ነው፤ ሲሊንደሩ ሥር ከፈላ ጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ስስ መዝጊያ) ነው። አረፋ ካልታየም አትደምድሙ። የሚገፋ አየር የኦይል ሲሉን ከንፈር ዘንጉ ላይ ያጣብቀዋል፤ አየር በሚስብ መምጠጫ ስትሞክሩት ነው ጉዱ የሚወጣው።

ዘንጉን ደግሞ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል፣ አዲስ ኦይል ሲልም አይበረክትም። ሞተሩን ሙሉ ለሙሉ መክፈት ግድ ነው።

መፍትሄው። ፍሪሲዮኑ በአብዛኛው መጋዝ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፤ በግራ ታግላችሁ እንዳትሰብሩት። ፒስቶኑ ወደ ላይ ወጥቶ የጭስ መውጫውን ከዘጋ በኋላ በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ ክተቱ፣ ዘንጉን ይይዝላችኋል። የአሮጌው ኦይል ሲል የገባበትን ጥልቀት ለኩና መዝግቡ። ለማውጣት የብረት ፊቱን በተሳለ ምስማር ብሱት፣ ትንሽ ቪቴ አስገቡበት፣ በፒንሳ ሳቡ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው የሚፈለገው፦ ዘንጉንም ሆነ መቀመጫውን ከጫራችሁት አዲሱም ያፈሳል። በካቻቪቴ ጎልጉሎ ማውጣት የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክርም።

አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፊቱ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው፤ ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ሞተሩ ከተከፈተ የሁለቱንም ጎን ቀይሩ። የዘንጉን ጥርስ በፌስታል ጠቅልሉ፣ ከንፈሩን የሁለት ምት ዘይት ቀቡት፣ ስፕሪንግ ያለበትን ፊት ወደ ሞተሩ ውስጥ አዙሩ። በልኩ በሆነ ቡሶላ (ክብ የብረት ቁልፍ) ቀስ እያላችሁ እስከ መዘገባችሁት ጥልቀት ግፉት።

አየሩን እንደገና ፈትኑ። ከዚያ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት (አምራቹ 50 ለ 1 ካለ) ቀላቅላችሁ አስነሱት፣ ሰንሰለቱ ሚኒሞ ላይ እስኪቆም ድረስ አስተካክሉ። ማስተካከሉም መጋዙ በሚሠራበት ከተማ ይሁን፤ ኮምቦልቻ የሚቆርጥ ከሆነ እዚያው ወርዳችሁ።