የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዴት ይጸዳል?

የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚታጠብበት ጊዜ ከእጅ አምልጦ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይጨምሩ ወይም ከሥር የታጠፈ ፎጣ ያንጥፉ። ምግብ ከበሉ በኋላ አውልቆ ማለቅለቅ ይገባል፤ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ የእጅ ሳሙና በሚገባ መቦረሽ ያስፈልጋል። የተለመደው የጥርስ ሳሙና ለዚህ አይመከርም፤ ሻካራነቱ የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚጭረው፣ የቡናና የሻይ እድፍም ሆነ ጀርም በጭረቶቹ ውስጥ ይሸሸጋል።

ብዙዎች ከፊት የሚታየውን አሳምረው ያጸዱና ድድና ላንቃ ላይ የሚያርፈውን የውስጥ ጎን ይዘነጉታል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይኸው ጎን ነው። በጣትዎ ሲዳስሱት የሚያሟልጭ ከሆነ ገና አልጸዳም። ቁርጥማት ጣታቸውን ያሰረባቸው አረጋውያን የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው ቢያወፍሩት አጨባበጡ ይቀላቸዋል።

ማታ ጥርሱን አውልቀው፣ ድድዎን፣ ላንቃዎንና ምላስዎን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጥርሱንም ሲደርቅ ቅርጹ እንዳይለወጥ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ያሳድሩት። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል፣ በረኪናም ቀለሙን ያነጣዋል፣ ብረት ካለውም ይበላዋል። ጥርሱ በሚዘፈዘፍበት ውኃ ውስጥ የሚሟሟ የማጽጃ እንክብል ከተጠቀሙ፣ ወደ አፍዎ ከመመለስዎ በፊት በደንብ ያለቅልቁት። ጥርሱ ድድዎን ካቆሰለ ወይም ከላላ፣ ቤት ውስጥ በሞረድ ከመነካካት ይልቅ ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት።