ከቁጥሩ በፊት ዋቱን ጠይቁ፦ በጌም ላፕቶፕና በቤት ሰርቨር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም፣ ከወልድያም የሚመጡልኝ ደንበኞች አሉ። ጌም ከሚጫወቱት አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የስንት ቁጥር ግራፊክስ ልግዛ?» ግራፊክስ የሚሉት የጌሙን ምስል የሚሥለውን ቺፕ ነው። ስንት ዋት ይበላል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ገንዘቡ የሚባክነው፣ ማሽኑ የሚግለው፣ የመብራት ሂሳቡ የሚያሻቅበው ግን በዚሁ ባልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

የላፕቶፕን ግራፊክስ ለማስቀየር ብር መክፈል

ይሄን በረጋ መንፈስ መጻፍ ያቅተኛል። ዴስክቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ ተነቅሎ ይወጣል፣ ሌላ ይሰካበታል። ጌም ላፕቶፕ ላይ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከሥሩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የብየዳ ጠብታዎች አሉ። ዙሪያውን የራሱ ሚሞሪ ቺፖች ከበውታል። ኃይል የሚመግበው ክፍል ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ነው። ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) የሚያውቀው እሱን ነው። ሙቀቱን የሚወስዱት የመዳብ ቱቦዎችም በእሱ ዋት ልክ ናቸው። 3050ን አንስቶ 4060 ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም። የለም!

ሆኖም «እንሠራለን» የሚሉ አሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እህቱ ከአረብ አገር በላከችለት ብር «ግራፊክሱን አሳድጉልኝ» ብሎ ላፕቶፑን ለአንድ ሱቅ ይሰጣል። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ሞቶ እኔ ዘንድ መጣ። ከፈትኩት። ቺፑ ያው የድሮው ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። በጠርዙ ዙሪያ ቡናማ ፍለክስ (የብየዳ ማገዣ) ደርቆ ተጋግሯል። አጠገቡ ያለው የፕላስቲክ ማገናኛ በሙቀት ለስልሶ ጠሟል። የተሠራለት ሥራ ቢኖር በሙቅ አየር መሞቅ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እህቴ እንዳትሰማብኝ» አለኝ ልጁ።

አብሽር ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ግን ያ ብር የሰው ቤት ተጠርጎ፣ የሰው ልጅ ታዝሎ የተገኘ ብር ነው። ይሄን እያወቀ የሌለ ሥራ የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል። ለጀማሪ የምለው አንድ ነው፦ «ላፕቶፕህን በትልቁ ግራፊክስ እቀይርልሃለሁ» ያለህን ሰው፣ አሮጌውን ቺፕ በእጅህ እንዲሰጥህና አዲሱን ከፍቶ እንዲያሳይህ ጠይቀው። መልሱ እዚያው ይለያል።

ከዚህ ደንብ የሚወጡት ጥቂት ናቸው። እንደ ዴል ፕሪሲዥንና ኤችፒ ዜድቡክ ካሉት ከቆዩት ከባባድ ላፕቶፖች መካከል ኤምኤክስኤም የሚባል ተነቃይ ካርድ ያላቸው አሉ። እነሱም ላይ ባዮሱና የማቀዝቀዣው ቅርጽ ካልገጠመ አይሆንም። ከአዲሶቹ ፍሬምወርክ 16 ግራፊክሱ እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ነው። የእናንተን ለማወቅ የሞዴሉን የጥገና ማኑዋል አውርዱ። ስለ ግራፊክስ ካርድ አነቃቀል የሚያወራ ክፍል ከሌለው ነገሩ እዚያው አለቀ።

ዩኤስቢ ሲ ስላለ ብቻ ከውጭ የሚሰካ ግራፊክስ ካርድ ይሠራል ማለት

አይሠራም። ቀዳዳው ተንደርቦልት 3 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ካርድ የሚደግፍ ዩኤስቢ 4 መሆን አለበት። ተንደርቦልት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የመብረቅ ምልክት አለው። ሲሠራም በአብዛኞቹ ላይ የፍጥነቱ ጣሪያ በሴኮንድ 40 ጊጋቢት ነው። ያው ካርድ ዴስክቶፕ ውስጥ ቢሆን ከሚያገኘው መንገድ በጣም ይጠብባል። ምስሉን መልሳችሁ በላፕቶፑ ስክሪን ካያችሁት ደግሞ ያቺኑ ጠባብ መንገድ ይሻማል። ሞኒተር በቀጥታ ካርዱ ላይ ሰኩ። ካርዱን የሚይዘው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩና ካርዱ ተደምሮ ሲታይ ግን፣ እኔን ካማከራችሁኝ ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዙ እላለሁ።

በቁጥሩ ተማርኮ መግዛት

የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ሊሰጠው ይችላል። የሚወስነው የላፕቶፑ አምራች ነው። ቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ በ45 ዋት የታሰረ 4060፣ ወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ 115 ዋት በሚያገኝ 3060 ሊቀደም ይችላል። ሁለቱም ላይ ተለጣፊው ያብረቀርቃል፤ ዋቱን ግን አይነግራችሁም።

ስሙም ያሳስታል። የዴስክቶፑ 4070 ሚሞሪው 12 ጊጋባይት ነው፤ የላፕቶፑ 4070 ግን 8 ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን አስከፍቱ። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ተጫኑ። ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ነው እውነተኛው ዋጋው።

አፉ የገጠመ ቻርጀር ሁሉ ያው ይመስላል

ጌሙ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት የሚንቀራፈፍባቸው ልጆች ይመጣሉ። ግራፊክሱ ደከመ ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቻርጀሩን ነው። ገልብጡትና በደቃቅ የተጻፈውን አንብቡ። 19.5 ቮልት፣ 9.23 አምፔር ካለ፣ ሲባዛ 180 ዋት ይሆናል። 19.5 ቮልት፣ 6.15 አምፔር ካለ ደግሞ 120 ዋት ነው። የሁለቱ አፍ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይገባል፣ መብራቱም ይበራል። 180 የሚፈልግ ላፕቶፕ 120 ሲሰጠው ግን የጎደለውን ከባትሪ ይስባል፤ ወይም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዋናው ቻርጀር ከተበላሸ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ የሆነውን ፈልጉ።

«ደሴ ብርድ ስለሆነ አይሞቅም»

ይሞቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ግን ስስ ነው። ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ ፋኑ ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ መሽከርከር አለበት። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች አየሩ ወፈር ይላል፤ ሙቀቷ ግን ያንን ይበላዋል።

ከዚህ የባሰው ጭስ ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ እጣን አይጠጣም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ላፕቶፑ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ ይቆያል። የእጣኑ ጭስ ይጣበቃል፤ አቧራው እሱ ላይ ይጣበቃል። ከፋኑ ጀርባ፣ በመዳቡ ክንፎች አፍ ላይ፣ ግራጫ ነገር እንደ ባና ተነጥፎ አገኛለሁ። በፒንሴት ስስበው አንድ ላይ ነው የሚወጣው። ሲሸት እጣን እጣን ይላል። ያን ካነሳሁና ተርማል ፔስቱን (በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን) ካደስኩ በኋላ «ግራፊክስ ቀየርክልኝ እንዴ?» ያለኝ ሰው አለ። ቡናው ይቀጥል፤ ላፕቶፑ ግን ሌላ ክፍል ይሁን። ራሳችሁ በአየር የምታጸዱ ከሆነ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ ጌሙ በሴኮንድ የሚሥለውን ምስል (ፍሬሙን) 60 ላይ ገድቡት። ከዚያ በላይ የሚመጣው ፍሬም አብዛኛው ትርፍ ሙቀት ነው።

አንድ ራም ብቻ መሰካት

ሁለት ቀዳዳ እያለ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ሰኩ። ብዙ ጌም ላይ ለውጡን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

የጌም ዴስክቶፑን እንደ ሰርቨር ቀን ከሌት ማብራት

አሁን ወደ ቤት ሰርቨር፣ ተጫዋቾች ሁሉ ተገናኝተው አብረው ወደሚጫወቱበት ማሽን፣ ልምጣ። ጓደኛሞች ተሰብስበው ማይንክራፍት ወይም ካውንተር ስትራይክ ሰርቨር ሲያቆሙ ደስ ይለኛል። ልጆች ኔትወርክ የሚማሩበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ግን ያለውን ትልቁን ማሽን ያበሩታል።

ሰርቨር ስዕል አይሥልም። ስዕሉን የሚሥለው የእያንዳንዱ ተጫዋች ማሽን ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ሥራ ፈትቶ መብራት ይጠጣል። የማይንክራፍት ሰርቨር ደግሞ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር (በአንዱ የፕሮሰሰር ክፍል) ነው፤ 16 ኮር ቢኖራችሁ አብዛኞቹ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ሂሳቡ ይሄው። ወር ማለት 720 ሰዓት ነው። ሥራ ሳይኖረው 80 ዋት የሚስብ ዴስክቶፕ በወር 57.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 10 ዋት የሚስብ ትንሽ ማሽን 7.2 ብቻ። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በእርከን የሚሄድ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ዴስክቶፑ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን ጨርሶ ያልፋል። ፍሪጁና ምጣዱ ገና አልተቆጠሩም።

ምን ይገዛ? ከቢሮ የወጡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ እንደ ቲንክሴንተር ታይኒና ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ያሉ፣ በጣም ጥሩ ናቸው። የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ቲ የምትል ፊደል ካለች ዋቱ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ፒሲም ለጥቂት ጓደኛሞች ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ስክሪኑ ተሰብሮ ቤት የተጣለ ላፕቶፕ ካለ እሱን አንሱ። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ይሆናችኋል።

የሰርቨር ላፕቶፕን ባትሪ ሁሌ 100 ላይ ማቆየት

ባዮስ ወይም የአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ የቻርጅ ገደብ ካለ 60 ወይም 80 በመቶ ላይ አስሩት። ቀን ከሌት ሙሉ ሆኖ የሚሞቅ ባትሪ ያብጣል። ታችፓዱ ከተነሳ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ወዲያው አጥፉትና ባትሪውን አስወጡ። አትውጉት፣ አትጫኑት። እሳት ነው።

መብራት እንደማይጠፋ አድርጎ ማሰብ

ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የጌሙ ዓለም ሊበላሽ ይችላል፤ የወራት ሕንጻ ይጠፋል። በየሰዓቱ ራሱ ባክአፕ እንዲያደርግና ቅጂው ሌላ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ እሱን የምታበሩት ግን ዩፒኤስ ወይም ጥሩ ስታቢላይዘር ካላችሁ ነው። ከሌላችሁ ንቀሉና ጠብቁ። መብራቱ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል፤ የማያቸው የተቃጠሉ ቻርጀሮች ብዙዎቹ የዚያች ቅጽበት ናቸው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ የራውተሩንም ገመድ ንቀሉ።

ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ መሰካት የሚረሱ ብዙ ናቸው። ሰርቨሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ማንም አይገባም።

በሞባይል ዳታ ላይ ፖርት መክፈት

ራውተሩ ላይ 25565ን፣ የማይንክራፍት ሰርቨር መግቢያ በር (ፖርት) ቁጥርን፣ ከፍተው «ጓደኞቼ መግባት አልቻሉም» የሚሉኝ አሉ። የሞባይል ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ አንዱን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ለብዙ ሰው ስለሚያጋራ ከውጭ የመጣ ጥሪ እናንተ ጋ አይደርስም። እንደ ቴይልስኬል ወይም ዜሮቲየር ያለ ነገር ጫኑ፤ ፖርት ሳትከፍቱ ያገናኛችኋል። ግቢያችሁ አንድ ከሆነ ደግሞ ኬብል ዘርጉ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ጌሙ ይቀጥላል።

ሳይለኩ መገመት

ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ከተገኘ ግዙ። ካልተገኘ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ይበቃል። ዲጂታል ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተጽፏል። ፍሪጁንም ሌላውንም አጥፉ፣ ሰርቨሩን ብቻ ተዉ። 1000 የሚል ከሆነ በሁለት ብልጭታ መሃል ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩና 3600ን ለእሱ አካፍሉ። 60 ሴኮንድ ከሆነ ማሽኑ 60 ዋት እየበላ ነው፤ 360 ሴኮንድ ካስጠበቃችሁ 10 ዋት ነው። 1600 የሚል ከሆነ በ3600 ፈንታ 2250ን አካፍሉ።