ከአራስ ልጅ እስከ አያት፦ በየዕድሜው የሚሰጡ ክትባቶችና የካርዱ አያያዝ

ልጅ ሲወለድ የሚሰጠው የክትባት ካርድ ከልደት የምስክር ወረቀት ባልተናነሰ ጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል። የተሰጠው ክትባት፣ የተሰጠበት ቀንና ቀጣዩ ቀጠሮ የሚጻፉት በዚያ ላይ ስለሆነ፣ ካርዱን በፕላስቲክ ማኅደር ማስቀመጥና ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል። ካርዱ የጠፋበት ወላጅ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ማስፈለግ ይችል ይሆናል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መዝገቡን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሕፃኑ እንደተወለደ የቲቢ መከላከያው ቢሲጂ በክንዱ ቆዳ ውስጥ በመርፌ፣ የልጅነት ልምሻ መከላከያው ፖሊዮ ደግሞ በአፍ በጠብታ ይሰጠዋል። ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይቆስልና መግል ይይዛል፤ በመጨረሻም ትንሽ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ ቅቤም ሆነ ቅባት፣ ቅጠልም ሆነ አልኮል አይደረግበትም፤ በንጽሕና መያዝ ብቻ ይበቃል።

እናቶችን ከሚያስመርሩ ነገሮች አንዱ ልጅ ታቅፈው ሄደው «ማክሰኞ ተመለሺ» መባላቸው ነው። የቢሲጂና የኩፍኝ ክትባቶች በዱቄት መልክ መጥተው በልዩ ፈሳሽ የሚበጠበጡ ናቸው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ አንዳንድ ተቋማት ልጆች እስኪሰባሰቡ ይጠብቃሉ። ምክንያቱ ቢገባኝም ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ቢከፈት እመርጣለሁ፤ የተመለሰች እናት ሁሉ ማክሰኞ አትመጣምና። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የቢሲጂና የኩፍኝ ቀን መቼ እንደሆነ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ያረጋግጡ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ብዙዎች «የ45 ቀን» የሚሉት፣ በትክክል ሲሰላ ግን ልጁ 6 ሳምንት ሲሞላው የሚውለው ነው። በዚህ ቀን የሚሰጠው ፔንታ በአንድ መርፌ አምስት በሽታዎችን ይከላከላል፦ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ እንዲሁም የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች መንሥኤ የሆነውን ሂብ የተባለ ባክቴሪያ። ከፔንታ ጋር ፖሊዮ፣ ሌላውን የሳንባ ምች መንሥኤ ባክቴሪያ የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት (ፒሲቪ) እና የተቅማጥ መከላከያው ሮታ ይሰጣሉ። በ10 ሳምንት አራቱም ይደገማሉ፤ በ14 ሳምንት ደግሞ ፔንታ፣ ፒሲቪና ፖሊዮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰጡ በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ይጨመራል። ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም በሚባልበት ቤት ወንዱ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ ለቀጠሮው ይደርሳል፤ እስከ 80 ቀን የምትጠብቀው ሴት ልጅ ግን የ6 ሳምንቱም የ10 ሳምንቱም ያልፋታል። ባህሉን አክብሮ ቀጠሮውንም መጠበቅ እንዲቻል፣ አስቀድሞ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማማከር ይረዳል።

ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በሁለት የፔንታ ክትባቶች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት። ቀላል ጉንፋን ወይም መጠነኛ ትኩሳትም ክትባት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

በ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ዙር ደግሞ በ15 ወር ነው። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ በቂ መከላከያ አያዳብሩም፤ ሁለተኛው ዙር የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ልጁ ይራመዳል፣ እናቱም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፣ ካርዱም መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የ15 ወሩን ቀን በ9 ወሩ ዕለት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ከሳምንት ገደማ በኋላ ሊነሣ ስለሚችል አይደናገጡ፤ በልጁ ክብደት ልክ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፣ አስፕሪን ግን አይሰጥም።

ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን የኤችፒቪ ክትባት መውሰድ አለባቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባት። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት አምስት ጊዜ ይወስዳሉ፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው 6 ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየዓመቱ ልዩነት። ይህ ክትባት እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ የተቆረጠን ወይም እበት የተቀባን ሕፃን ጭምር ይከላከላል። አንዳንድ እናቶች በየእርግዝናው እንደ አዲስ የሚጀምሩት ካርዳቸውን ስላልያዙ ነው።

ሄፓታይተስ ቢን በልጅነቱ ያልተከተበ አዋቂ መጀመሪያ ተመርምሮ፣ ነፃ ከሆነ ሦስት ዙር ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ሞት ነው።

ለጉዞ የሚፈለገው የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባዋል። ለሐጅ የሚሄዱም የማጅራት ገትር ክትባታቸውን በተመሳሳይ ከ10 ቀን በፊት ይጨርሱ።

በአገር ቤት መደበኛው መርሐ ግብር ለአረጋውያን ብዙም የሚለው የለም። አሜሪካ ልጆቻቸው ዘንድ ያሉ ወላጆች ግን ከ50 ዓመት ጀምሮ የአልማዝ ባለጭራ ክትባትን ከ2 እስከ 6 ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ የኢንፍሉዌንዛን በየዓመቱ የብርዱ ወራት ከመግባታቸው በፊት፣ እንዲሁም የኒሞኮካል ክትባትን ይወስዳሉ፤ አብዛኛው በሰፈር ፋርማሲ ይሰጣል።

ካርድ ይዘው ወደ ውጭ የሚሄዱ ቤተሰቦች ቀኖቹን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስለውጠው ቢሄዱ መልካም ነው። በ2013 የተወለደ ልጅ ካርድ እንዳለ ከተነበበ፣ ነርሷ ፊት ያለው ሕፃን በወረቀቱ ላይ ሰባት ዓመት ይጨመርበታል። በ9 ወር የተሰጠው የኩፍኝ ክትባትም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አይቆጠርም፤ እዚያ የሚጠየቀው ከ12 ወር በኋላ የተሰጠ፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን የጨመረ ክትባት ነው። ስለዚህ ልጁ ድጋሚ ሲከተብ የቀድሞው ተሳስቷል ማለት አይደለም።