ኪሮሽን ከዓመታት በኋላ እንደገና ለማንሣት

በልጅነታቸው ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ወይም በትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ዳንቴል መሥራት ተምረው፣ በኋላ ኑሮ ሲበዛባቸው የተዉት ብዙዎች ናቸው። ወደ ሙያው የሚመለስ ሰው በመጀመሪያ የሚሳሳተው በክር ምርጫ ነው፤ ትዝ የሚለው የሶፋ ልብስ የሚሠራበት ቀጭኑ ነጭ ክር በመሆኑ እሱኑ ገዝቶ ይጀምራል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ሁለት ምሽት ሙሉ ስሠራና ስተረትር አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ቀጭኑን ክርና ኪሮሹን ለጊዜው አስቀምጠው፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው የሹራብ ክርና 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኪሮሽ ይያዙ።

በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለት ብቻ፣ ማለትም ክሩን በኪሮሹ እየሳቡ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ እያሳለፉ የሚሠራውን መነሻ ብቻ ይሥሩ። ክሩን በግራ እጅዎ ትንሿ ጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመው በሌባ ጣትዎ ላይ ቢያሳልፉት እኩል እየሳሳበ ይመጣል። ሰንሰለቱ ኪሮሹን መልሶ እስከማያስገባ ድረስ ከጠበቀብዎት፣ ለመነሻው ብቻ ወፈር ያለ ኪሮሽ ይጠቀሙ።

ክብ ሥራ ላይ ሲደርሱ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ እየተጠመጠመ የሚሠራውን ቋሚ በመጀመሪያው ዙር 12 ካደረጉ፣ በሁለተኛው በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሠርተው 24፣ በሦስተኛው በአንዱ ላይ አንድ፣ በቀጣዩ ላይ ሁለት እያደረጉ 36 ያደርሱታል፤ የዙሩ መነሻ ሦስት ሰንሰለትም እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራል። ሥራው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከታጠፈ ጭማሪው አንሷል፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ከተሸበሸበ ደግሞ በዝቷል፤ በሁለቱም ጊዜ ሳይሰስቱ እስከ ስሕተቱ ድረስ ይተርትሩት።

እጅዎ ሲፍታታ፣ ቤት ውስጥ አሮጌ ዳንቴል ካለ ከማናቸውም ሥዕል ይልቅ እሱን እንዲያጠኑ እመክራለሁ። በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግተው በመርፌ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ዙር በዙር ይቁጠሩ። የእናቴን የጠረጴዛ ልብስ እንዲህ ስቆጥር፣ በሰባተኛው ዙር የጎደለች አንዲት ቋሚ በቀጣዩ ዙር በሁለት ሰንሰለት ተሸፍና አገኘኋት፤ ሳትተረትር እንዴት እንዳቃናችው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሲጨርሱ ክሩን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡና ጫፉን በመርፌ ወደ ኋላ ይሸሽጉት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጨምቀው፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ከመሃል ወደ ዳር እየወጠሩ በማይዝግ ስፒል ይያዙት፤ ፈጽሞ ሳይደርቅም ስፒሉን አይንቀሉ።