የሚፈነዳው የውጪው ጎማ፣ ጥፋተኛው የውስጠኛው፦ የሞተር ሆም ችግርና መፍትሄ

ከመንገድ በፊት ዘይት መለካት፣ መብራት መፈተሽ፣ መስታወት ማስተካከል የሚሉትን የተለመዱ ምክሮች እዘላቸዋለሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ላይ በምሠራበት ጋራዥ በጋው ሲገባ አንድ ዓይነት ብልሽት በተለያየ ቀለም መኪና ተመልሶ ይመጣል። በጁላይ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሲደርስ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባስቦ ሞተር ሆም (ውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለው ትልቅ መኪና) ይከራያል፣ ወይም አሮጌ ይገዛል። አብዛኛው የሚይዘው በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተሠራውን፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለውን ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ቁጥሮች የዚሁ መኪና ናቸው።

ምልክት፦ ከኋላ እንደ ጥይት ይጮኻል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ሲቀደድ ይሰማል

ይህ መኪና ከኋላ በየወገኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለው፤ አገር ቤት በአይሱዙ ላይ እንደምናውቀው። የውጪውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ አጥቦ የሚያብለጨልጨውም አለ። የውስጠኛው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ተረስቷል። የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ የውጪው ስለሆነ ሰው የውጪውን ይቀይርና መንገዱን ይቀጥላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጎማው 225/75 አር 16፣ የጭነት ደረጃው ኢ ነው። በ80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥንድ ሆኖ ሲሠራ እያንዳንዱ 2,470 ፓውንድ ይችላል፤ ለብቻው ሲሆን 2,680። የኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) 9,000 ፓውንድ ቢያርፍበት ለአንድ ወገን 4,500 ይደርሳል፤ ሁለቱ ጎማዎች ሲካፈሉት 2,250 ነው፣ ምንም አይሉም። የውስጠኛው አየሩን ከጨረሰ ግን የውጪው 4,500ውን ለብቻው ይሸከማል። ወዲያውኑ ቢፈነዳ ደግ ነበር፤ ምክንያቱን እናውቅ ነበር። እየሞቀ፣ ጎኑ እየተለመጠ ብዙ ማይል ይሄድና አስፋልቱ በጋለበት ሰዓት ይበተናል።

አንድ አባወራ ሁለት ቤተሰብ ጭነው በ70ኛው አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ወጡ። ላይመን ሳይደርሱ የቀኝ የኋላ የውጪው ጎማ ፈነዳ። የመንገድ ላይ ጥገና ሠራተኛ መጥቶ አዲስ ገጠመላቸው። ካንሳስ ውስጥ ያ አዲስ ጎማ ፈነዳ። ስልክ ደወሉልኝ፤ “ወንድሜ፣ የማይረባ ጎማ ሸጡልኝ” አሉ።

“ጋሼ፣ የውስጠኛውን ለክተውታል?”

“የቱን?”

ካንሳስ ላይ የመጣው ሁለተኛው ጎማ ሠሪ የውስጠኛውን ሲለካው 14 ፒኤስአይ ወጣ። የመጀመሪያው ሰውዬ እጁን አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ቢሰድ ኖሮ አንድ ጎማ፣ አንድ ቀን እና የወለሉ ግማሽ ይተርፉ ነበር። የተበጣጠሰው ጎማ ከመንኮራኩሩ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ቀዶ፣ የኋላ መብራት ሽቦዎችን በጥሶ፣ አልጋው ሥር ገብቶ ነበር። መኪናው ወደ እኔ ሲመለስ ከአልጋው ሥር የወጣው የበርበሬ ከረጢት ላይ የጎማው ሽቦ እንደ መርፌ ተሰክቶበት አገኘሁት።

የውስጠኛው አየር ለምን ያልቃል? ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ምክንያቱ ያቺ በሽቦ የተጠለፈች ማራዘሚያ ቱቦ ናት። የውስጠኛው ቫልቭ እሩቅ ስለሆነ ለመሙላት እንዲመች ቱቦ ይቀጠልለትና ጫፉ በሚያብረቀርቀው የቸርኬ ክዳን ላይ ይታሰራል። ሲያዩት ያምራል። ቱቦዋ ስትጠብቅ ግን የቫልቩን የውስጥ መዝጊያ ተጭና ክፍት ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ አየሩን የያዘው ቫልቩ መሆኑ ቀርቶ የቱቦዋ ጎማና ጫፏ ላይ ያለችው ክዳን ብቻ ናቸው። መኪናው በሄደ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ አንገቷ ላይ ትሰነጠቃለች። የሳሙና ውሃ ቀቡባትና እዩ፤ ስንጥቁ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ቀስ ብላ ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ እንደገና ታብጣለች። በሦስት ሳምንት ሠላሳ ፒኤስአይ በዚያች አረፋ ይሄዳል። እነዚህን ቱቦዎች ጥንድ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ሰው የራሱን ልጆች በዚያ መኪና ጭኖ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ።

መፍትሄው ቱቦውን መጣል ነው። መጠገን አይደለም፣ የተሻለ ቱቦ መግዛትም አይደለም። የውስጠኛው ቫልቭ በውጪው ቸርኬ ቀዳዳ በኩል ብቅ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ረጅም፣ ወጥ የብረት ቫልቭ አለ፤ እሱን አስገጥሙ። ጎማዎቹ መውረድ ስላለባቸው የእጅ ዋጋ ይጠይቃል። አንዴ ከከፈላችሁ በኋላ ግን ስድስቱንም ጎማ እንደ ተራ ትንሽ መኪና ቆማችሁ ትለካላችሁ። የጎማ ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ ከገዛችሁ ለአራት ሳይሆን ለስድስት ጎማ ግዙ፤ ከላስቲክ በተሠራ ቫልቭ ላይ አትሰኩት፤ ክብደቱ እያወዛወዘ ይገነጥለዋል።

መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳና ፀሐይ ሳያገኘው ነው። መንገድ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስታዩ አየር አታስተንፍሱ፤ ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ ትክክለኛ ጠባዩ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ስትቆሙ በርቀት ሙቀት በሚለካው ትንሽ መሣሪያ የውስጡንና የውጪውን አነጻጽሩ፤ አንዱ ከጓደኛው በጣም ከሞቀ አንዱ እየሠራ ሌላው እየተኛ ነው። እጅግ ወርዶ የተነዳ ጎማን ዝም ብላችሁ አትሙሉ። ከቸርኬው ወርዶ ውስጡ ይታይ፤ ጎኑ የተጎዳ ጎማ ሲሞላ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አዲስ ጎማና ያለቀ ጎማ አታጣምዱ፤ ከፍ ያለው ጭነቱን ይወስዳል። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ማይል ባለው ጊዜ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፤ ይህን የሚረሳ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ራሳችሁ አስታውሱት።

በብረት እየመቱ ማዳመጥም አለ። አንድ ደንበኛዬ አገር ቤት ብዙ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ነው፤ “መለኪያ የሚፈልገው ጆሮ የሌለው ነው” ይለኛል። በቡና ተወራረድን። ስድስቱንም መታና “ሁሉም ሙሉ ናቸው” አለ። አምስቱ ከ77 እስከ 81 ነበሩ፤ የግራ ውስጠኛው 46። ባዶውን ጎማ ጆሮው በትክክል ይለያል፣ አልክደውም። 80ን ከ46 የሚለይ ጆሮ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ቡናውን ጠጥቻለሁ።

ምልክት፦ የጎማው ጥርስ አዲስ ነው፣ አየሩም ልክ ነው፣ ግን ፈነዳ

አርጅቷል። ሞተር ሆም በዓመት ለጥቂት ሳምንት ይነዳና ቆሞ ይከርማል፤ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ይደርቃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚሉት ፊደላት በኋላ የሚመጣውን ቁጥር እዩ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2317 ቢል በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ። አሥር ከሞላው ቢያምርም ይጣል። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሚታተም አንዳንድ ሻጭ ያንን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ ያስገጥምና የውጪውን በማብለጭለጫ ይቀባዋል። የሚያብረቀርቅ ጎማ ባየሁ ቁጥር ባትሪዬን ይዤ ሥር እገባለሁ።

ምልክት፦ መሪው ቀለለ፣ አፍንጫው ይንሳፈፋል፣ ትልቅ መኪና ሲያልፍ ይዋዥቃል

ሾፌሮች የፊት እግር ብልሽት ይመስላቸውና አላይመንት አሠርተው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከኋላ አክስል ወዲያ በተጫነው ዕቃ ነው። የሁለቱ አክስሎች ርቀት 16 ጫማ ቢሆንና 400 ፓውንድ ዕቃ ከኋላው አክስል 8 ጫማ ወደ ኋላ ብታስቀምጡ የኋላው አክስል 600 ይጨመርበታል፤ ከፊተኛው 200 ይነሳል። ልክ እንደ ልጆች መጫወቻ ሚዛን ነው። እኛ ደግሞ የምንወደው ያንን የኋላ ዕቃ ቤት ነው፦ የውሃ ካርቶን፣ ከሰል፣ የዶሮ ድስት፣ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ የቢራ ሳጥን።

መግቢያው በር አጠገብ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ፓውንድ እንደሚፈቀድ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። 1,400 ይላል እንበል። ስምንት ሰው እያንዳንዱ 150 ቢመዝን 1,200 ሄደ። 40 ጋሎን ውሃ 330 ገደማ ነው፤ ጋሎኑ 8.3 ፓውንድ ስለሆነ። አንድ እንጀራ ሳትጭኑ አልፋችኋል። ስምንት አልጋ አለው ማለት ስምንት ሰው ከነጓዙ ይችላል ማለት አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት ያጠፋሁት ጊዜ ሌላ ጋራዥ ይከፍት ነበር።

ከባድ ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ወለሉ ላይ ይሁን። ንጹሑን ውሃ ለመንገድ የሚበቃ ብቻ ያዙና ስትደርሱ ሙሉ፤ የቆሻሻ ውሃውን ጋን ባዶ አድርጋችሁ ተነሱ። ከዚያ ሁሉንም ሰው አሳፍራችሁ በከባድ መኪናዎች ማረፊያ ካለው ሚዛን ላይ ውጡ። የሚሰጧችሁ ወረቀት የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያሳያል። የዚህ ሻንሲ ጠቅላላ ወሰን 14,500 ፓውንድ ነው፤ ወደዚያ ሳትደርሱም የኋላው ብቻ ሊያልፍ ይችላል።

ምልክት፦ ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል

ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከ11,158 ጫማ፣ ወደ ዴንቨር 5,280 ሲወረድ እግራቸውን ፍሬን ላይ አሳርፈው የሚመጡ አሉ። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ውሃ የጠጣ አሮጌ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ የወረደ ሾፌር በወጣበት ማርሽ እንደሚወርድ ያውቃል፤ አውቶማቲክ ላይ ሲቀመጥ ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም። በማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን የጭነት ቁልፍ ተጫኑ፣ ማርሹን አውርዱ፣ ሞተሩ ይጩኽ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ፈጽሞ መልቀቅ። ከጨሰ ሜዳ ላይ ቁሙና ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት ይቀየር።

ምልክት፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሁሉም ሰው ላይ በአንድ ጊዜ

ይህ የመኪና ብልሽት ስላልሆነ በአንድ መስመር ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም። ሞተር ሆም ውስጥ ከሰል አይያያዝም። ለጀበናም፣ ለዕጣንም፣ “መስኮት ከፍተናል” ተብሎም አይያያዝም። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። አንድ ቤተሰብ “የጢስ መቆጣጠሪያው ዕጣን ሲሸተው እየጮኸ አስቸገረን” ብለው ባትሪውን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት አገኘሁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱንም መቆጣጠሪያ አብረው ነቅለውታል። ሁለቱንም መልሼ ገጠምኩ፣ የከሰል ምድጃውን ደግሞ ራሴ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ተቀየሙኝ። ቡናውን ውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ አፍሉ። ጄኔሬተር አስነስታችሁም አትተኙ።

የቀሩት፦ የፕሮፔን (የማብሰያው ጋዝ) ሽታ ከመጣ የመብራት ቁልፍ ሳትነኩ ሁሉም ይውረድ፣ ጋኑ ከውጭ ይዘጋ። የማቀዝቀዣው በር በየመታጠፊያው ከተከፈተ መቀርቀሪያውን ቀይሩ፤ ገመድ ለአንድ ቀን ነው። የመኪናውን ቁመት ከአየር ማቀዝቀዣው ጫፍ ድረስ ለክታችሁ በወረቀት መሪው ፊት ለጥፉ። ስትታጠፉ ጅራቱ ወደ ሌላው ወገን ይወጣል፤ የነዳጅ ማደያ ምሰሶ የሚገጨው እንዲህ ነው። ደረጃው ሳይታጠፍ ከተነሳችሁ ደግሞ ትሰሙታላችሁ።